የሳምንቷ እንክብልና ዘመዶቿ፦ ለሚጥል በሽታ ታካሚ የትኛው ቫይታሚን ዲ ይሻላል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ቫይታሚን ዲ ስጡኝ» ያለ ሰው፣ ስማቸው አንድ ኃይላቸው ግን ከመቶ እጥፍ በላይ የሚራራቅ ነገሮች ሊቀርቡለት ይችላሉ። 400 ዩኒት የያዘ ክኒን አለ፤ 1,000 እና 2,000 የያዘ አለ፤ 50,000 የያዘ እንክብል አለ፤ 300,000 የያዘ መርፌም አለ። ይህ ግምገማ የተጻፈው ለአንድ ገዢ ነው፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየቀኑ ለሚውጥ ሰው፣ ወይም ለእሱ ብላ መድኃኒት ቤት ለምትመላለስ እናት፣ እህት፣ ባለቤት። ለዚህ ገዢ የሚበጀው ለጎረቤቱ ከሚበጀው ይለያል። ለምን እንደሚለይ እንናገራለን፤ ፍርዱን ግን እናስቀድም።

እጥረቱ በምርመራ ለተረጋገጠበት አዋቂ ታካሚ ከሁሉ የምንመርጠው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደውን 50,000 ዩኒት የቫይታሚን ዲ3 እንክብል ነው። እጥረት ሳይመጣ ለመከላከል በቀን 1,000 ወይም 2,000 ዩኒት የያዘው ክኒን ጥሩ ነው፤ እሱ ከገበያ ከጠፋ ያችው የ50,000 እንክብል በወር አንዴ ብትወሰድ በቀን ወደ 1,650 ዩኒት ገደማ ትደርሳለች። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲን አንድ ላይ የያዘው ክኒን ብቻውን አይበቃም። ጠብታው ለሕፃናት ነው፤ እሱም ጽሑፉን አስተውሎ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። መርፌውን ከመጨረሻው ረድፍ አስቀምጠነዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉበት ነው። ከፀሐይም ሆነ ከምግብ የተገኘ ቫይታሚን ዲ መጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎ በኩላሊት ከተለወጠ በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው። ሥራውም ካልሲየምን ከአንጀት እየሳበ ለአጥንትና ለጡንቻ ማድረስ ነው። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን እና ፕሪሚዶን የሚባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ደግሞ መድኃኒት የሚሰባብሩትን የጉበት ኢንዛይሞች ያበዛሉ። የበዙት ኢንዛይሞች መድኃኒቱን ብቻ ፈጭተው አያቆሙም፤ ቫይታሚን ዲንም አብረው ፈጭተው ወደማይሠራ ነገር ይለውጡታል። ስለዚህ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ፣ አንድ ማሳ ላይ የሚውሉ ሁለት ወንድማማቾች ቢኖሩ፣ ፌኖባርቢታል የሚወስደው በደሙ ያለው የቫይታሚን መጠን ከወንድሙ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በእነዚህ መድኃኒቶች ተጠቃሚዎች ላይ የአጥንት መለስለስ መታየቱ በሕክምና መጽሔቶች መዘገብ የጀመረው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ አዲስ ግኝት አይደለም። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2009 እ.ኤ.አ. መድኃኒቶቹን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱና ለእጥረት የተጋለጡ ሰዎች ቫይታሚን ዲ እንዲታሰብላቸው አሳስቧል። በዚያ ማሳሰቢያ ሶዲየም ቫልፕሮኤትም ተካቷል፤ ቫልፕሮኤት እንደ ፌኖባርቢታል ኢንዛይም ባያበዛም አጥንትን ከማሳሳት ነፃ አይደለም። ሌቬቲራሴታምና ላሞትሪጂን በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው።

በወሎ ጉዳዩ የሚከብደው በየጤና ጣቢያው በቅርብ የሚገኘውና ኪስ የማይጎዳው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ስለሆነ ነው። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ በቀን አንዴ ማታ የሚወሰድ፣ ስንቱን ከእሳትና ከገደል ያተረፈ መድኃኒት ነው። ይህን ያነበበ ሰው «አጥንት የሚበላ ከሆነስ ልተወው» ካለ ከባድ ስህተት ይሠራል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ መጣሉ ተከታትሎ አልቆም ብሎ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ጠበል የሚጠመቅም፣ ዱዓ የሚያስደርግም መድኃኒቱን ከዚያው ጋር ይውሰድ። ለአጥንቱ መላ አለው፤ አብሽሩ፣ መላውም ቀላል ነው።

የእጥረቱ ምልክት በደጋው አገር በቀላሉ ይሸፈናል። «ወገቤን ብርድ መታኝ»፣ «ጉልበቴን ሪህ ያዘኝ» የሚባለው ሁሉ ብርድና ሪህ አይደለም። ለብዙ ወራት የቆየ፣ ቦታው በትክክል የማይታወቅ የወገብ፣ የዳሌና የቅልጥም ሕመም፤ ቅልጥሙ በአውራ ጣት ጫን ሲባል የሚያም ከሆነ፤ ከበርጩማ ለመነሳት በእጁ ጉልበቱን የሚደግፍ ወይም ዳገት የከበደው ወጣት፤ ሲራመድ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ሰው፤ እነዚህ ሁሉ የለሰለሰ አጥንትና የደከመ ጡንቻ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። በልጅ ላይ እግሩ ይጎብጣል፣ የእጁ አንጓ ይሰፋል፣ መራመድ ይዘገያል። ከጣለው በኋላ ቀናት ያለፈው የጀርባ ሕመም ካለ ደግሞ የአከርካሪ አጥንት መሰበር መኖሩ መታየት አለበት። ለዚህ የግድ ከፍ ካለ ቦታ መውደቅ አያስፈልግም፤ የጡንቻው መኮማተር ብቻውን የሳሳ አከርካሪ ሊሰብር ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ለስብራት ይጋለጣሉ። አንዱ ምክንያት መውደቁ፣ ሌላው አጥንቱ ነው። መውደቁን ሁልጊዜ ማስቀረት አይቻል ይሆናል፤ አጥንቱን ማጠንከር ግን ይቻላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። እጥረቱ በጣም ሲከፋ በደም ያለው ካልሲየም ይወርዳል፤ የወረደ ካልሲየም ራሱ ሰው ይጥላል። ከንፈርን ዙሪያና ጣቶችን መውረር፣ እጅ ተኮማትሮ አልፈታ ማለት ካለና መጣሉ መድኃኒት እየተወሰደ ከበፊቱ ከበዛ፣ የፌኖባርቢታሉን መጠን ከመጨመር በፊት ካልሲየም ይለካ። በካልሲየም ጉድለት የመጣን መጣል ፌኖባርቢታል አይመልሰውም።

አሁን ወደ መደርደሪያው። የ50,000 እንክብል ለስላሳ፣ በውስጧ ዘይት የያዘች፣ በሳምንት አንዴ የምትዋጥ ናት። ማሸጊያው ላይ 1.25 ሚሊ ግራም ተብሎ ቢጻፍም ያው 50,000 ዩኒት ነው፤ 1 ማይክሮ ግራም ማለት 40 ዩኒት ነውና። ከህንድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ 60,000 ነው፤ ልዩነቱ አያስጨንቅም። ለአዋቂ የተለመደው ሕክምና በሳምንት አንድ፣ ለ8 ሳምንት፣ በድምሩ 8 እንክብል ማለትም 400,000 ዩኒት ነው። የሳምንቱ 50,000 ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 7,100 ዩኒት ይደርሳል። የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እጥረት ኖሮባቸው የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ አዋቂዎች ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ፣ በቀን ከ6,000 እስከ 10,000 ዩኒት እንደሚያስፈልጋቸው ጠቅሷል። የሳምንቷ እንክብል ከዚያ መሐል በልኩ ትወድቃለች፤ ያስወደደችንም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት፣ በየቀኑ ሁለትና ሦስት ዓይነት ክኒን ለሚውጥ ሰው አራተኛ አለመጨመሯ ነው። ከወረኢሉ ወይም ከደላንታ ገጠር መጥቶ መድኃኒቱን ይዞ ለሚመለስ ሰውም ስምንት እንክብል የሁለት ወር ስንቅ ነው።

የምትበላሸውም በዚችው ጠባይዋ ነው። አንደኛው ስህተት በየቀኑ መዋጥ ነው። ሰው መድኃኒት ሲባል በቀን በቀን መውሰድ ለምዷል፤ ማሸጊያው ላይ «በሳምንት አንድ» ተብሎ በአማርኛ ካልተጻፈ ስምንቱ እንክብል በስምንት ቀን ያልቃል። ስምንት ቀን ብዙ ጊዜ ሰውን አይጎዳም፤ ጥሩ መስሎት ደግሞ ደጋግሞ ገዝቶ ወራት ከቀጠለ ግን ይመርዛል። ስለዚህ መድኃኒት ሰጪው በእጁ እንዲጽፍ፣ ታካሚውም ማንበብ ካልቻለ ቀን እንዲመርጥ እንመክራለን። ለሙስሊሙ ጁምዓ፣ ለክርስቲያኑ እሑድ፣ ባቲ ላለ ሰው የሰኞ ገበያ፣ ሌላው ቦታ የአገሩ የገበያ ቀን ይሁን። ቀኑ ካለፈ ባስታወሱ ጊዜ አንዷን ውጦ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቀኑ መመለስ ነው፤ ሁለት አንድ ላይ መዋጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስህተት በባዶ ሆድ መውሰድ ነው። ቫይታሚን ዲ የሚሟሟው በስብ ውስጥ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሻይ ከተወሰደ መመጠጡ ይቀንሳል። ቅቤ ያለበት ወጥ፣ እንቁላል ወይም ወተት ባለበት ማዕድ፣ በጾም ደግሞ ዘይት በገባበት ሽሮ፣ ከለውዝ ወይም ከአቮካዶ ጋር ይዋጥ። በረመዳን ከማፍጠሪያው ማዕድ ጋር ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛውና በጣም የሚያሳዝነው ስህተት ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ «ዳንኩ» ብሎ ማቆም ነው። ፌኖባርቢታሉ አላቆመም፤ የበዙት ኢንዛይሞችም ሥራቸውን አላቆሙም። በደም ያለው ክምችት በሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ግማሽ ስለሚወርድ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውየው ወደነበረበት ይመለሳል። ስምንቱ ሳምንት እንዳለቀ ወደ ማቆያው መጠን፣ ማለትም እጥረቱ እንዳይመለስ ወደሚወሰደው መጠን፣ መሻገር የሕክምናው ሁለተኛ ግማሽ እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም።

ስለ እንክብሏ ቆዳ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለስላሳው ሽፋን ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው፣ ከከብት ወይም ከአሳማ። አንዳንዱ ማሸጊያ ምንጩን ወይም ሐላል መሆኑን ይጽፋል፣ አንዳንዱ አይጽፍም። ውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ3 በአብዛኛው ከበግ ፀጉር ቅባት ይወጣል። ዲ2 የሚባለው ከእርሾና ከእንጉዳይ ዘር ነው፤ ጾም ላይ ላለ ሰው አማራጭ ነው፣ ነገር ግን በደም ውስጥ እንደ ዲ3 አይቆይም። የሃይማኖቱን ጉዳይ የንስሐ አባትና ሸኽ ይፈቱታል። በእኛ በኩል ግን ጄላቲን አልፈልግም ላለ ሰው ጄላቲን የሌለበትን ደረቅ ክኒን መጠየቅ ወይም በፋርማሲስት የተለካ ጠብታ መውሰድ ይቻላል። መድኃኒቱን እስከ ፋሲካ ድረስ ከማቋረጥ ይህ ይሻላል።

የየቀኑ ክኒን፣ ባለ 1,000ውና ባለ 2,000ው፣ ለመከላከል ምርጥ ነው። ማሸጊያው ላይ በማይክሮ ግራም ከተጻፈ 25 ማለት 1,000፣ 50 ማለት 2,000 ዩኒት ነው። ፌኖባርቢታል ማታ የሚወስድ ሰው ከእራት ጋር አብሮ ቢያደርገው አንድ ልማድ ሁለቱን ይሸከማል። በቀን እስከ 4,000 ዩኒት ለአዋቂ ያለ ሐኪም ክትትልም አስጊ እንደማይባል ጠቅላላ ስምምነት አለ። ስለዚህ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን ከስድስት ወር በላይ የወሰደ አዋቂ በ1,000 ወይም በ2,000 ለመጀመር የደም ምርመራ ይጠብቅ አንልም። ካልሲየም የሚያበዛ ሕመም ከሌለበት፣ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን አማክሮ ይጀምር።

ካልሲየምና ዲን አንድ ላይ የያዘው ክኒን «የአጥንት ቫይታሚን» እየተባለ ይሸጣል፤ ብዙ ታካሚም የያዘው እሱን ነው። ችግሩ ስሌት ነው። አብዛኛው 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ከ200 ወይም ከ400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ጋር ነው የያዘው። ለጤነኛ አዋቂ የተመደበው የቀን መጠን 600 ዩኒት ነው፤ ፌኖባርቢታል ለሚወስድ ሰው 400 አፉን እንኳን አያረጥብም። 2,000 ዩኒት ለማግኘት አምስቱን ቢውጥ ደግሞ 2,500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ገባ ማለት ነው፤ ይህ ለሆድ ድርቀትና ለኩላሊት ጠጠር በር ይከፍታል። ቶፒራሜት የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ለጠጠር ስለሚያጋልጠው ይበልጥ ይጠንቀቅ። ክኒኑ ቦታ የለውም አንልም፦ ወተት የማይጠጣ፣ ረጅም ጾም የሚጾም፣ እርጉዝ ወይም አጥቢ የሆነች ታካሚ አንዱን ከምግብ ጋር ብትወስድ ይጠቅማታል፣ ቫይታሚን ዲው ለብቻው ተጨምሮ። ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ካልሲየሙን ከፌኒቶይኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያራርቅ፤ አንድ ላይ ከገቡ ካልሲየሙ የፌኒቶይኑን መመጠጥ ይቀንሳል፤ መጠኑ ዝቅ ያለ ፌኒቶይን ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ታካሚው ያውቃል። የብረት ክኒንም እንዲሁ ይራቅ።

ከማዕድ ስለሚገኘው አንድ አንቀጽ ይበቃል። የጤፍ እንጀራና ጎመን ካልሲየም አላቸው፤ ቫይታሚን ዲ ግን የላቸውም። የአንድ እንቁላል አስኳል 40 ዩኒት ገደማ ነው፤ 1,000 ለመድረስ ሃያ አምስት አስኳል ያስፈልጋል። ከሐይቅ የሚወጣው ዓሣ ከብዙ ምግብ ይሻላል፤ በሳምንት አንዴ የተበላ ዓሣ ግን የዕለት ፌኖባርቢታልን አይቋቋምም።

ጠብታ የሚያስፈራን በአጻጻፉ ነው። አንዱ ጠርሙስ በአንድ ጠብታ 400 ዩኒት ይይዛል፤ ሌላው በ1 ሚሊ ሊትር 400 ይይዛል። ሁለቱም ላይ «400» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። የመጀመሪያውን ጠርሙስ የገዛች እናት እንደ ሁለተኛው መስሏት መለኪያውን እስከ 1 ሚሊ ሊትር ብትሞላ፣ በውስጡ ከ20 እስከ 30 ጠብታ ስላለ በአንድ ጊዜ ከ8,000 እስከ 12,000 ዩኒት ለሕፃኑ ሰጠች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጠብታ ለወላጆች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለሕፃን እስከ አንድ ዓመት የተለመደው 400 ዩኒት ነው፣ ከዚያ በላይ 600፤ ፌኖባርቢታል ለሚወስድ ልጅ ከዚህ በላይ ስንት እንደሚሆን የሕፃናት ሐኪም ይወስን። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ በራስ ውሳኔ ሊሰጠው የሚችለው ጣሪያ በቀን 2,500 ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እያላችሁ «እህቴ፣ በአንድ ጠብታ ስንት ነው? በቀን ስንት ጠብታ ልስጠው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ጠርሙሱ ላይ አስጽፉ። ጠብታውንም በማንኪያ ወይም ከታለበ የእናት ጡት ወተት ጋር ስጡ፤ ትልቅ ጡጦ ውስጥ ከጨመራችሁት ልጁ ካልጨረሰው ምን ያህል እንደገባ አይታወቅም።

መርፌውን የሚወዱት ሰዎች ምክንያት አላቸው። አንዴ ተወግቶ ለወራት መገላገል ለሩቅ አገር ሰው ይመቻል፤ መርፌ ደግሞ በአገራችን ከክኒን የበለጠ ይታመናል። ነገር ግን 300,000 ዩኒት በዘይት ተበጥብጦ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ የሚመጠጥበት ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከገባ በኋላ ማውጣት አይቻልም፤ ካልሲየም ቢበዛ የሚቆም ነገር የለም። በብዙ መጠን አንዴ መስጠት የሚያስከትለውን ያሳየ ጥናትም አለ፦ በአውስትራሊያ ከ2,200 በላይ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት በአፍ የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት መውደቃቸውንና መሰበራቸውን አሳይቷል። ሴቶቹ አረጋውያን ናቸው፣ የሚጥል በሽታ ታካሚዎች አልነበሩም፤ መድኃኒቱም መርፌ አልነበረም። ሆኖም ድሮውንም የሚወድቅ ሰው ላይ ይህን አደጋ መጨመር አንፈልግም። መርፌው አንጀቱ የማይመጥጥለት፣ የሚውጠው ሁሉ የሚያልፍበት ታካሚ ሲኖር በሐኪም ትእዛዝ ቦታ አለው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከዚህ መደርደሪያ ላይ በስህተት ይነሳሉ። አልፋካልሲዶል በማይክሮ ግራም የሚለካ ትንሽ እንክብል ነው፤ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ቫይታሚኑን መለወጥ ላልቻለ ሰው የተሠራ ነው፤ «ቫይታሚን ዲ አልቋል፣ ይኸው ተመሳሳዩ» ተብሎ ከተሰጠ አትቀበሉ። የዓሣ ጉበት ዘይት ደግሞ ቫይታሚን ዲ ቢኖረውም ብዙ ቫይታሚን ኤ አብሮ ያመጣል፤ የበዛ ቫይታሚን ኤ አጥንትን ይጎዳል፣ በእርግዝና ጊዜም ለፅንሱ አደገኛ ነው።

ምርመራው ዋጋው ከበድ ይላል፤ ስለዚህ አቅም ካነሰ ለሚገባው ቦታ ይቆጠብ፦ የአጥንት ሕመም፣ ስብራት፣ የጎበጠ እግር ላለበት፤ ባለ 50,000ውን ለሚጀምር፤ እና ከተጀመረ ከሦስት ወር በኋላ ለመቆጣጠር። ከዚያ በፊት መድገም ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ መጠኑ ለመረጋጋት ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። የሚታዘዘው ባለ 25 ሃይድሮክሲ የሚባለው ነው። ባለ 1,25ው ስሙ ይመሳሰላል፣ እጥረትን ግን አያሳይም፤ እጥረት ባለበት ሰው ላይ ደህና፣ አንዳንዴም ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያውን እዩ። በናኖግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ ከ20 በታች እጥረት ነው። በናኖሞል በሊትር ከሆነ ድንበሩ 50 ነው። «40 ወጣልህ፣ ደህና ነህ» የተባለ ሰው መለኪያው ናኖሞል ከነበረ በናኖግራም 16 ነው፤ እጥረት አለበት። አብሮ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና አልካላይን ፎስፋቴዝ መታየት አለባቸው። የመጨረሻው ከፍ ካለ አጥንቱ እየለሰለሰ መሆኑን ይጠቁማል፤ ዋናው ምርመራ በማይገኝበት ቦታም ለሐኪሙ መንገድ ያሳያል።

«የፀሐይ አገር ይዘን ክኒን ለምን?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ደሴ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ቫይታሚን ዲ ማሠራት ትችላለች። ግን ክረምት ላይ ጉምና ደመና አለ፤ ደጋው ላይ ጋቢና ኩታ ገላን ሸፍኖ ይውላል፤ ቆላው ባቲና ከሚሴ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ገላዋን ሸፍና የምትወጣ ሴት ፀሐይ ብዙ አያገኛትም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ደግሞ «ሰው ፊት ይወድቃል» ተብሎ ቤት ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ያሳዝነናል፤ አጥንቱም ልቡም አብረው ይጎዳሉ። ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ጥላው ከቁመቱ ሲያጥር ይውጣ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ። የጠዋቷ 1 ሰዓት ፀሐይ ደስ ትላለች እንጂ ጨረሯ ዘቅዝቆ ስለሚመጣ ቫይታሚን እምብዛም አታሠራም። በመስታወት በኩል የምትገባውም አታሠራም። ክንድና እግር ተገልጦ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ በሳምንት ጥቂት ቀናት ይሁን፤ ጠይም ቆዳ ጊዜ ይፈልጋል። ቦታው ከገደል፣ ከእሳትና ከውኃ የራቀ፣ ሰው የሚያየው ይሁን። የተሸፈነች እህት በግቢዋ ውስጥ ማድረግ ትችላለች። ይህ ሁሉ ተደርጎም የበዙት ኢንዛይሞች ከፀሐይ የመጣውን ከክኒን ከመጣው ለይተው አያስተርፉትም፤ ለዚህ ነው ፀሐዩ ክኒኑን የማይተካው።

«ይህ ቫይታሚን መጣሉን ያቆመዋል» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ አትመኑ። በ2012 እ.ኤ.አ. በሀንጋሪ 13 ታካሚዎች ላይ እጥረቱ ሲታከም መጣሉ የቀነሰላቸው ነበሩ፤ ሆኖም ማነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረው ትንሽ ጥናት ነው፤ መድኃኒት የሚያስቆም ማስረጃ አይደለም። ቫይታሚን ዲን የምንመክረው ለአጥንትና ለጡንቻ ነው።

የማይወስዱት ወይም ያለ ሐኪም የማይጀምሩት ሰዎች አሉ፦ የኩላሊት ጠጠር ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት፣ በደሙ ካልሲየም የበዛበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት። የነቀርሳው ታካሚ ጉዳይ ሁለት ወገን አለው፤ የነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን እንደ ፌኖባርቢታል ቫይታሚኑን ያስፈጫል፣ ሕመሙ ራሱ ግን አንዳንዴ ካልሲየም ያበዛል። በብዛት የወሰደ ሰው ይጠማዋል፣ ሽንት ይመላልሰዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ይፈዝዛል፣ ግራ ይጋባል። መፍዘዙ ከፌኖባርቢታል መብዛት ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ጥማትና የሽንት ብዛት አብሮት ካለ ቫይታሚኑን አቁሙና ካልሲየም አስለኩ። የሚቆመው ቫይታሚኑ ነው፤ ፌኖባርቢታሉ አይቆምም።

ለግዢው ጥቂት ነገር ቀረ። ዋጋ ስታወዳድሩ ማሸጊያውን ሳይሆን ዩኒቱን አወዳድሩ፦ አንድ የ50,000 እንክብል የባለ 2,000 ክኒን 25 ቀን ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንክብሏ ትረክሳለች። ለስላሳ እንክብል በሙቀት ይጣበቃል፤ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ባቲ ላይ መስኮት አጠገብ ወይም ምድጃ ዳር አይቀመጥ፤ የተጣበቀ ወይም ያፈሰሰውን አትቀበሉ። የሚያበቃበት ጊዜ የሚጻፈው በአውሮፓ ዘመን ነው። 2024 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ገና ዓመታት የቀሩት ይመስለዋል፤ በእኛ 2016 ወይም 2017 ነው፣ አልፏል። ከመክፈላችሁ በፊት ከማሸጊያው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሳችሁ ቁጠሩ።